ባክዶር ትሮጃን እንዴት ይገባል? እንዴትስ ይወገዳል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ የመጣችሁት አንቲቫይረሳችሁ «ባክዶር» ወይም «ትሮጃን» የሚል ማስጠንቀቂያ አውጥቶባችሁ ከሆነ በቀጥታ ወደ «ተገኘብኝ፤ አሁን ምን ላድርግ?» ውረዱ። ሌላውን ረጋ ስትሉ ታነቡታላችሁ። ከታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ባክዶር ትሮጃን ምን ያደርጋል?

ደህና ፕሮግራም መስሎ ይገባል። ከገባ በኋላ ኮምፒውተራችሁን ለማታውቁት ሰው ከሩቅ ይከፍትለታል። ያ ሰው ፋይላችሁን ያያል፣ ይቀዳል፣ ይሰርዛል። ኪቦርድ ላይ የምትነኩትን ሁሉ ይመዘግባል። ስክሪናችሁን ይከታተላል። ካሜራና ማይክ ሊያበራም ይችላል። ብሮውዘራችሁ እንዲያስታውስላችሁ ያደረጋችሁትን ፓስወርድ ደግሞ ጠራርጎ ይወስዳል።

ከሁሉም የሚከፋው ግን ሌላ ማልዌር (ጎጂ ፕሮግራም) ማውረድ መቻሉ ነው። ዛሬ የገባው ትሮጃን ለሳምንታት ምንም ሳያደርግ ሊቀመጥ ይችላል። በዚህ መሃል መግቢያውን ለሌላ ወንጀለኛ ይሸጡታል። ገዢው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀውን ራንሰምዌር ይዞ ይመጣል። ኢሞቴት የተባለው ትሮጃን በዚህ ሥራ የታወቀ ነበር። በ2014 ብቅ ሲል የባንክ መረጃ ሰራቂ ነበር። ኋላ ላይ ለሌሎች ወንጀለኞች መግቢያ የሚያከራይ ድርጅት ዓይነት ሆነ። በጃንዋሪ 2021 የበርካታ አገራት ፖሊሶች ተባብረው ሰርቨሮቹን ያዙ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ግን ተመልሶ መጣ።

ከቫይረስ በምን ይለያል?

ቫይረስና ዎርም ራሳቸውን ያባዛሉ። ትሮጃን አይባዛም። የሚገባው ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ራሱ ስለሚከፍትለት ነው። በዕለት ተዕለት ንግግር ሁሉንም «ቫይረስ» ብንል ችግር የለውም። አንቲቫይረሱም ሁሉንም ነው የሚፈልገው።

አዲስ ነገር ነው?

አይደለም። በኦገስት 1998 «ካልት ኦቭ ዘ ዴድ ካው» የሚባል የሀከሮች ቡድን ላስ ቬጋስ በተካሄደው የዴፍኮን ጉባኤ ላይ «ባክ ኦሪፊስ» የሚል ፕሮግራም አወጣ። ዊንዶውስ 95ን እና 98ን ከሩቅ መቆጣጠር ያስችል ነበር። ቡድኑ ዓላማው የዊንዶውስን የደህንነት ድክመት ማሳየት እንደሆነ ተናግሯል። ኔትባስ የተባለው ሌላው ፕሮግራምም በዚያው ዓመት ወጣ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ንግድ ሆነ። ብላክሼድስ የሚባለው በ40 ዶላር ገደማ ይሸጥ ነበር። በ2014 ከእሱ ጋር በተያያዘ በብዙ አገራት ከ90 በላይ ሰዎች ተይዘዋል። ይህን ሁሉ ያነሳሁት ለአንድ ነገር ነው። ይህን ለመጠቀም ጎበዝ ፕሮግራመር መሆን ማስፈለጉ ካቆመ ቆይቷል። «እኔን ማን ጉዳዬ ብሎ ሀክ ያደርገኛል?» ማለት የማያዋጣውም ለዚህ ነው። እናንተን ለይቶ የሚፈልግ ሰው የለም። ያገኘውን ሁሉ ይሰበስባል።

በየት በኩል ነው የሚገባው?

መንገዱ ብዙ ነው። ዋና ዋናዎቹን በስፋታቸው ቅደም ተከተል ሳይሆን እንደመጣልኝ ላስቀምጥ።

ክራክ የተደረገ ሶፍትዌር። በእኔ እይታ የቤት ኮምፒውተርን የሚያጠቃው ትልቁ በር ይኼ ነው። የሚከፈልበትን ፕሮግራም በነፃ የሚያስከፍት ፋይል፣ ዊንዶውስን ያለ ክፍያ አክቲቬት የሚያደርግ መሣሪያ፣ ጌም ላይ ማጭበርበሪያ፣ ሁሉም እዚህ ይገባሉ። መመሪያው ላይ «ከመጫናችሁ በፊት አንቲቫይረሱን አጥፉ፤ ክራክ ስለሆነ ነው በስህተት ቫይረስ የሚለው» ተብሎ ይጻፋል። አንዳንዴ እውነት ነው። ችግሩም እሱ ነው። እውነተኛውን ከውሸቱ የምትለዩበት መንገድ የላችሁም። ፕሮግራሙ ደግሞ በትክክል ይሠራል፤ ስለዚህ ማንም አይጠረጥርም።

የኢሜይል አባሪ። «ደረሰኝ»፣ «የትዕዛዝ ማረጋገጫ»፣ «ሲቪ» የሚሉ ስሞች ይወዳሉ። ዊንዶውስ ካልነገራችሁት በስተቀር የፋይል ስም መጨረሻን ይደብቃል። ስለዚህ «ደረሰኝ.ፒዲኤፍ.ኢኤክስኢ» የሚባለው ፋይል «ደረሰኝ.ፒዲኤፍ» ሆኖ ይታያችኋል። አይኮኑንም የፒዲኤፍ ያስመስሉታል። የተላከው ዚፕ ፓስወርድ ካለውና ፓስወርዱ እዚያው ኢሜይል ላይ ከተጻፈ ይበልጥ ጠርጥሩ። የቆለፉት እናንተን ለመጠበቅ ላይሆን ይችላል፤ የኢሜይሉ ስካነር ውስጡን እንዳያይ ነው። ድሮ ዋናው ዘዴ የወርድና የኤክሴል ማክሮ፣ ማለትም ሰነዱ ውስጥ የሚቀመጥ ትንሽ ፕሮግራም፣ ነበር። ማይክሮሶፍት በ2022 ከኢንተርኔት በመጡ ፋይሎች ላይ ማክሮ መዝጋት ሲጀምር ወደ ሾርትከትና ወደ አይኤስኦ (የዲስክ ቅጂ) ፋይሎች ዞሩ። አንዱ ሲዘጋ ሌላ ይከፍታሉ።

የውሸት «ሮቦት አይደለሁም» ገጽ። ከ2024 ጀምሮ በጣም ተስፋፍቷል። ገጹ ሰው መሆናችሁን ለማረጋገጥ በሚል የዊንዶውስ ቁልፍንና አርን አንድ ላይ፣ ቀጥሎ ኮንትሮልንና ቪን፣ በመጨረሻ ኢንተርን ንኩ ይላችኋል። እናንተ ሳታዩ ክሊፕቦርዳችሁ (ኮፒ ያደረጋችሁት የሚቀመጥበት ቦታ) ላይ አንድ ትዕዛዝ ገልብጧል። የተባላችሁትን ስታደርጉ ትሮጃኑን የምታወርዱት እናንተው ትሆናላችሁ። አንቲቫይረስ አልፎ አልፎ ይሸወዳል፤ ምክንያቱም ትዕዛዙን የሰጠው ባለቤቱ ነው። የትኛውም ትክክለኛ ድረ ገጽ እንዲህ አድርጉ አይልም። ለቤተሰባችሁ ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትነግሩ ከሆነ ይኼን ንገሯቸው።

የውሸት ማውረጃ ገጽ። የታወቀ ነፃ ፕሮግራም ስም ጎግል ላይ ስትፈልጉ ከላይ የሚመጣው ማስታወቂያ ሊሆን ይችላል። ማስታወቂያው ትክክለኛውን ወደሚመስል የውሸት ገጽ ይወስዳል። «ብሮውዘርዎ አርጅቷል፣ አሁኑኑ ያድሱ» የሚለውም የዚሁ ዘመድ ነው። ክሮምም ሆነ ፋየርፎክስ ራሱን ያድሳል እንጂ በአንድ ድረ ገጽ በኩል መጥቶ አድሱኝ አይልም።

የስልክ «ቴክኒሻን»። ኮምፒውተራችሁ ተበክሏል ብሎ ይደውልና በሕጋዊው የርቀት መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ልግባ ይላል። ይኼ ትሮጃን እንኳ አያስፈልገውም። ፕሮግራሙ ሕጋዊ ስለሆነ አንቲቫይረስም ዝም ሊል ይችላል።

ፍላሽ። ማይክሮሶፍት በ2011 ከፍላሽ ላይ በራሱ የሚነሳውን አውቶራን በአፕዴት ስለዘጋው አደጋው ቀንሷል። ፎልደር የሚመስል ሾርትከት ላይ ሁለቴ ከነካችሁ ግን ያው ነው።

ከታመነ ድርጅት የወረደ ፕሮግራምስ?

አልፎ አልፎ ይሆናል። በ2017 ኮምፒውተር የሚያጸዳው የሲክሊነር ፕሮግራም 5.33 እትም ከራሱ ከአምራቹ ሰርቨር ከነባክዶሩ ሲወርድ ቆየ። 2.27 ሚሊዮን ገደማ ኮምፒውተር ላይ ተጫነ። አጥቂዎቹ ይህን ሁሉ ሕዝብ አልፈለጉትም። ከዚያ ውስጥ ሁለተኛውን ማልዌር የላኩት ትልልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ውስጥ ወደሚገኙ 40 ገደማ ኮምፒውተሮች ነው። በ2020 የታወቀው፣ ሶላርዊንድስ በተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ በኩል የደረሰው ጥቃትም በተመሳሳይ መንገድ፣ በአፕዴት በኩል ነው የገባው።

ከሁሉም የሚገርመው የ2024ቱ የኤክስዜድ ጉዳይ ነው። ኤክስዜድ ሊኑክስ ላይ ፋይል የሚጨምቅ ትንሽ ነፃ ፕሮግራም ነው። አንድ ማንነቱን የደበቀ ሰው ለሁለት ዓመት ያህል በትጋት እያገዘ አመኔታ አተረፈ። ከዚያ በ5.6.0 እና በ5.6.1 እትሞች ውስጥ ባክዶር አስገባ። የያዘው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ነው። የርቀት መግቢያው ግማሽ ሰከንድ ያህል ሲዘገይበት ለምን ብሎ መቆፈር ጀመረ። ባክዶሩ በሰፊው ሳይሰራጭ የተያዘው በዚህ ነው።

ከዚህ ተነስታችሁ «እንግዲያው አፕዴት አላደርግም» እንዳትሉ። አፕዴት ባለማድረግ የሚጠቃው ሰው በአፕዴት ከሚጠቃው ጋር አይወዳደርም።

ፋየርዎልም አንቲቫይረስም አለኝ። አይበቃም?

ይረዳል፣ አይበቃም። የጥንቶቹ ባክዶሮች አንድ ፖርት (ቁጥር ያለው የኔትወርክ በር) ከፍተው ጌታቸው ከውጭ እስኪደውል ይጠብቁ ነበር። የባክ ኦሪፊስ ፖርት 31337 ነበር። ፋየርዎል ከውጭ የሚመጣውን ስለሚከለክል እነዚህን ያቆማቸዋል። የአሁኖቹ ግን ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የሚደውሉት። ለፋየርዎሉ ብሮውዘር ድረ ገጽ የከፈተ ይመስለዋል። አንዳንዶቹ ትዕዛዝ የሚቀበሉት በቴሌግራም ወይም በዲስኮርድ በኩል ስለሆነ ግንኙነቱም አያስጠረጥርም። አንቲቫይረስን በተመለከተ ደግሞ ማልዌር ሠሪዎቹ ከመልቀቃቸው በፊት በአንቲቫይረሶች ላይ ሞክረው ነው የሚለቁት። ትናንት የወጣውን ዛሬ ላያውቀው ይችላል።

ኮምፒውተሬ ውስጥ መኖሩን በምን አውቃለሁ?

እውነቱን ለመናገር ጥሩ ባክዶር ምልክት አይሰጥም። «ኮምፒውተሬ ቀርፋፋ ሆነ» ብዙ ጊዜ የሞላ ዲስክ ወይም የበዛ የብሮውዘር ታብ ነው። ትኩረት የሚገባቸው ሌሎች ናቸው። አንቲቫይረሱ ሳታጠፉት ጠፍቶ ሲገኝና አልበራም ሲል። እናንተ ያልገባችሁበት ቦታ ወደ አካውንታችሁ ተገብቷል የሚል መልእክት ሲመጣ። ሳትነኩት የካሜራው መብራት ሲበራ። ማውሱ ራሱን ችሎ መስኮት ሲከፍት፤ ይኼኛው ብርቅ ነው፣ ካያችሁት ግን ወዲያው ኢንተርኔቱን ንቀሉ።

ማንም የማያየውን አንድ ቦታ ላሳያችሁ። ዊንዶውስ ሴኩሪቲን ክፈቱና በቫይረስ መከላከያው ሴቲንግ ውስጥ «ኤክስክሉዥንስ» የሚለውን ዝርዝር ፈልጉ። ዲፌንደር (የዊንዶውስ የራሱ አንቲቫይረስ) እንዳይፈትሻቸው የተነገረው ፎልደሮች እዚያ ናቸው። ብዙ ትሮጃኖች ገና ሲገቡ ራሳቸውን እዚያ ይመዘግባሉ። እናንተ ያላስገባችሁት ነገር ካለ፣ በተለይ ሲ ድራይቭ ሙሉውን ከተጻፈ፣ ነገሩ አልቆለታል።

ትንሽ ኮምፒውተር ለለመደ ሰው ከማይክሮሶፍት ሲስኢንተርናልስ ሁለት ነፃ መሣሪያዎች አሉ። አውቶራንስ ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብረው የሚነሱትን ሁሉ ያሳያል። የማይክሮሶፍቶቹን እንዲደብቅ፣ የቀሩትን ፋይል በብዙ አንቲቫይረሶች በሚያስፈትሸው ቫይረስቶታል ድረ ገጽ እንዲያጣራ ማዘዝ ይቻላል። ቲሲፒቪው ደግሞ የትኛው ፕሮግራም ከየትኛው አድራሻ ጋር እየተገናኘ እንደሆነ በቀጥታ ያሳያል። የማታውቁትን ስም ሁሉ ግን አትሰርዙ። ዊንዶውስ ራሱ እንግዳ ስም ያላቸው ብዙ ፋይሎች አሉት።

ተገኘብኝ፤ አሁን ምን ላድርግ?

ቅደም ተከተሉ ዋጋ አለው። ሰዎች በድንጋጤ መጀመሪያ የሚያደርጉት በዚያው ኮምፒውተር ፓስወርድ መቀየር ነው። የሚተይቡትን የሚቀዳ ሰው እያለ አዲሱን ፓስወርድ በእጁ ሰጡት ማለት ነው።

መጀመሪያ ከኢንተርኔት አላቅቁት። ዋይፋይ አጥፉ፣ ገመድ ካለ ንቀሉ። ባክዶር ከጌታው ካልተገናኘ ምንም አይታዘዝም። ኮምፒውተሩ የመሥሪያ ቤት ከሆነ እዚህ ላይ አቁሙና ለአይቲ ክፍል ደውሉ። እናንተ የምታጠፉት ነገር ለእነሱ ማስረጃ ሊሆን ይችላል፤ ከናንተ አልፎ ሌሎች ኮምፒውተሮች ላይ ደርሶ እንደሆነም ማየት አለባቸው።

ቀጥሎ ንጹሕ ስልክ ወይም ሌላ ኮምፒውተር ይዛችሁ ዋና ዋና አካውንቶቻችሁን አድኑ። ዝርዝሩን ከታች አስቀምጬዋለሁ።

ከዚያ ፍተሻ። የዊንዶውስ የራሱ አንቲቫይረስ በሆነው ዲፌንደር ውስጥ «ኦፍላይን ስካን» የሚባል አለ። ኮምፒውተሩ ሪስታርት አድርጎ ዊንዶውስ ሳይነሳ ነው የሚፈትሸው፤ 15 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ዊንዶውስ ሲነሳ ራሱን የሚደብቅ ማልዌር ገና ስላልተነሳ ለመያዝ ይመቻል። ለሁለተኛ አስተያየት ማይክሮሶፍት ሴፍቲ ስካነርን በሌላ ኮምፒውተር አውርዳችሁ በፍላሽ ማምጣት ትችላላችሁ። ከወረደ ከ10 ቀን በኋላ ስለማይሠራ አሮጌ አትጠቀሙ። ፍላሹንም ከዚያ በኋላ ፎርማት አድርጉት።

አንቲቫይረሱ «ተወግዷል» አለኝ። በቃ ማለት ነው?

መቼ እንደያዘው ይወሰናል። ፋይሉ ሲወርድ፣ ገና ሳትከፍቱት ከያዘው አዎ፣ በቃ። ሥራውን ሠርቷል። ተከፍቶ ሲሠራ የቆየ ከሆነ ግን አልበቃም። አንቲቫይረሱ የሚያውቀው ያገኘውን ፋይል ብቻ ነው። በዚያ ፋይል በኩል የገባው ሰው ሌላ ምን እንዳስቀመጠ አያውቅም። አዲስ የተጠቃሚ አካውንት ፈጥሮ፣ በታስክ ስኬጁለር (ፕሮግራሞችን በቀጠሮ በሚያስነሳው የዊንዶውስ ክፍል) ውስጥ ትሮጃኑን መልሶ የሚያወርድ ትዕዛዝ አኑሮ ሊሆን ይችላል። ሌባው የገባበትን መስኮት ዘግቶ፣ ቁልፍ ማስቀረጹን ሳያጣሩ መተኛት ነው።

ስለዚህ ፎርማት ማድረግ ግዴታ ነው?

ግዴታ የሚል ሕግ የለም። የእኔ አቋም ግን ግልጽ ነው፤ ሲሠራ የቆየ ባክዶር ከተገኘ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን። ስታጸዱና ስትጠራጠሩ ከምትከርሙ አንድ ከሰዓት መስጠት ይሻላል። ባንክ፣ የሥራ ፋይል ወይም የሌላ ሰው መረጃ ያለበት ኮምፒውተር ከሆነ አልከራከርም እንኳ።

በንጹሕ ኮምፒውተር ላይ የማይክሮሶፍትን ሚዲያ ክሪኤሽን ቱል አውርዱ። ቢያንስ 8 ጊጋባይት ያለው ፍላሽ ይበቃል። ከፍላሹ አስነሱና በመጫኛው ላይ የድሮዎቹን ፓርቲሽኖች (የዲስኩን ክፍልፋዮች) ሰርዙ፤ ፋይል ያለበትን ግን ኮፒ ሳታደርጉ አትንኩ። ዊንዶውስ ውስጥ ያለው «ሪሴት ዚስ ፒሲ» ቀላል አማራጭ ነው። ከመረጣችሁት «ሁሉንም አጥፋ» እና «ክላውድ ዳውንሎድ» የሚሉትን ያዙ። ከፍላሽ መጫኑ ግን የበለጠ ያስተማምናል።

ፎርማት የማያጠፋው ማልዌርስ የለም? አለ። በ2018 ኢሴት የተባለው የአንቲቫይረስ ኩባንያ ይፋ ያደረገው ሎጃክስ የማዘርቦርዱ ቺፕ ውስጥ የሚቀመጥ ነው፤ ዲስክ ብትቀይሩም አይነቀልም። እንዲህ ያለው የሚላከው ለመንግሥት ተቋማትና መሰል ዒላማዎች ነው። ክራክ ጌም ይዞት የመጣው ትሮጃን እዚያ አይደርስም።

ፋይሎቼን ማዳን እችላለሁ?

ፎቶ፣ ቪዲዮ፣ ሙዚቃ፣ ፒዲኤፍና የወርድ ሰነድ ኮፒ አድርጉ። የሚጫን ፕሮግራም ምንም አታድኑ። ብዙ ሰው ዊንዶውስን በአዲስ ጭኖ፣ ዲ ድራይቭ ላይ አስቀምጦት ከነበረው የኢንስቶለር ፎልደር ያንኑ ክራክ መልሶ ይጭናል። ከዚያ «ፎርማት አድርጌውም አልለቀቀኝም» ይላል። ኮፒ ያደረጋችሁትን አዲሱ ዊንዶውስ ላይ ከመክፈታችሁ በፊት አስፈትሹት።

የትኛውን ፓስወርድ ልቀይር?

ከኢሜይል ጀምሩ። የሌላው ሁሉ መመለሻ እሱ ስለሆነ። ከዚያ ባንክ፣ ከዚያ ማኅበራዊ ሚዲያ፣ ከዚያ ብሮውዘሩ ያስቀመጣቸው በሙሉ።

ፓስወርድ መቀየር ብቻውን ግን አያስወጣውም። አንድ ጊዜ ከገባችሁ በኋላ በየቀኑ ፓስወርድ የማትጠየቁት ብሮውዘሩ ኩኪ (መግባታችሁን የሚያስታውስ ትንሽ ፋይል) ስለሚይዝ ነው። ትሮጃኑ ያንን ኩኪ ከሰረቀ ያለ ፓስወርድም፣ ያለ ሁለተኛ ማረጋገጫ ኮድም ይገባል። ስለዚህ በየአካውንቱ «ከሁሉም መሣሪያ ውጣ» የሚለውን ተጫኑ። በኢሜይላችሁ ውስጥ ደግሞ የማታውቁት የማስተላለፊያ አድራሻ፣ የመልሶ ማግኛ ስልክ ወይም ኢሜይል ተጨምሮ እንደሆነ እዩ። ከዚያ ሁለተኛ ማረጋገጫ አብሩ።

ማክ ወይም ስልክ ያለው ሰውስ?

ማክ አይያዝም የሚለው ወሬ በ2012 ነው ያበቃው። ፍላሽባክ የተባለ ትሮጃን በጃቫ ክፍተት ገብቶ ከ600,000 በላይ ማኮች ላይ ደርሷል። አንድሮይድ ላይ ዋናው በር ከፕሌይ ስቶር ውጭ በሊንክ የሚላክ ኤፒኬ (የአፕ መጫኛ ፋይል) ነው። ተራ አፕ የ«አክሰሲቢሊቲ» ፈቃድ ከጠየቃችሁ አትስጡት። በዚያ ፈቃድ ስክሪናችሁን ያነባል፣ በእናንተ ቦታም ይነካል።

ማስጠንቀቂያው ስህተት ሊሆን አይችልም?

ይችላል። ቫይረስቶታል ላይ ፋይሉን ስትሰቅሉ ከ70 የማያንሱ አንቲቫይረሶች ያዩታል። ሁለት የማይታወቁ ብቻ ከጮኹ ስህተት ሊሆን ይችላል፤ ሠላሳው ከጮኸ ክርክር የለም። የግል ሰነድ ግን አትስቀሉ፤ የተሰቀለውን ሌሎች የደህንነት ባለሙያዎች ሊያወርዱት ይችላሉ።

ሁለት አንቲቫይረስ ልጫን?

አይ። ሁልጊዜ የሚሠራ አንድ ይበቃል፤ ሁለት ሲሆኑ እርስ በርስ ይጋጫሉ። ሁለተኛው ስትጠሩት ብቻ የሚፈትሽ ዓይነት ይሁን።

ዳግም እንዳይገባ ምን ላድርግ?

የፋይል ስም መጨረሻ እንዲታይ አድርጉ። ለዕለት ሥራ የአድሚን መብት የሌለው አካውንት ተጠቀሙ። አፕዴት አታዘግዩ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ አሁንም እሱ ላይ ያላችሁ ወደ 11 መሻገርን አስቡበት። ባክአፕ ያዙ፤ ዲስኩን ግን ሁልጊዜ ሰክታችሁ አትተዉት። እና ክራክ ተዉ። የሚከፈልበትን መግዛት ካልቻላችሁ ለአብዛኛው ሥራ ነፃ አማራጭ አለ።

«ኮምፒውተርህ ላይ ትሮጃን ጭኜ በካሜራህ ቀርጬሃለሁ፣ በቢትኮይን ክፈል» የሚል ኢሜይል ደረሰኝ። እውነት ነው?

አብዛኛውን ጊዜ ውሸት ነው። ያው ጽሑፍ ለሺዎች ይላካል። ትክክለኛ የድሮ ፓስወርዳችሁን ጽፎ ሊያስደነግጣችሁ ይችላል፤ ያንን ያገኘው ከዓመታት በፊት ከተዘረፈ ድረ ገጽ እንጂ ከኮምፒውተራችሁ አይደለም። ከራሳችሁ አድራሻ የተላከ ቢመስልም የላኪ ስም ማስመሰል ቀላል ነው። በእርግጥ ቪዲዮ ያለው ሰው ቢሆን ማስረጃ ያያይዝ ነበር። አትክፈሉ፣ አትመልሱለት። የጠቀሰውን ፓስወርድ ዛሬም የሆነ ቦታ የምትጠቀሙበት ከሆነ ግን አሁኑኑ ቀይሩት።